ከመርከብ ወርዶ በሰዓቱ መመለስ፦ የመጀመሪያ የሜዲትራኒያን ክሩዝዎን ሲያቅዱ

ክሩዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ካቢኑ መስኮት ይኑረው ወይስ በረንዳ በሚለው ላይ ይውላል። ገንዘብም ጊዜም የሚባክነው ግን መርከቡ ወደብ በሚቆምባቸው ቀናት ነው። መርከቡ ጠዋት ይደርሳል፣ ማታ ይነሳል፣ የዘገየን ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ የወደብ ቀን የሚታቀደው ከማታ ወደ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የመመለሻው ሰዓት ይቆረጣል፤ የሚጎበኘው ነገር በተረፈው ጊዜ ልክ ይመረጣል።

እዚህ ምሳሌ የሚሆነን ብዙ ሰው የሚጀምርበት የሰባት ሌሊት የምዕራብ ሜዲትራኒያን ጉዞ ነው፤ ከባርሴሎና ተነስቶ በማርሴይ፣ በሊቮርኖ፣ የሮም ወደብ በሆነችው ቺቪታቬኪያ እና በኔፕልስ በኩል ዞሮ ባርሴሎና የሚመለሰው። የወደቦቹ ዝርዝር ከኩባንያ ኩባንያ ትንሽ ይለያያል፣ አሠራሩ ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ ፓስፖርቱ፣ ከዚያ መስመሩ

ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት ፓስፖርትዎን አውጥተው ይመልከቱ። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ለዚህ ጉዞ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የጋራ ቪዛ፣ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድም ሆነ የዱባይ ወይም የሪያድ መኖሪያ ፈቃድ ይህን አያስቀርለትም። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን በዚያው ፈቃድ ይጓዛል። «እኔ ከመርከቡ አልወርድም» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። መርከቡ ላይ ከመሳፈርዎ በፊት ሰነድ ይታያል፤ ቪዛ የሌለው እዚያው ይቀራል፣ የከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስለትም።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሌላም ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የቪዛ ማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ለክሩዝ ተጓዥ ከባዱ ይህ ሁለተኛው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ከሸንገን ክልል የወጣ መርከብ ላይ ካሉ ተመልሰው መግባት አይችሉም። ስለዚህ በመስመሩ ላይ የቱኒዝ ወደብ ላ ጉሌት፣ የቱርክ ኩሻዳሲ፣ የሞንቴኔግሮ ኮቶር ወይም የሞሮኮ ታንጂር ካለ ያንን መርከብ ይተዉት። ማልታ ችግር የለባትም፤ ክሮኤሽያም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት። ከላይ የጠቀስነው መስመር ሁሉም ወደቦቹ ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ ለአንድ መግቢያ ቪዛ ይስማማል።

ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ቀጠሮ ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜና 45ቱን ቀን ሲደምሩት አምስት ወር ቀደም ብሎ መጀመር ቅንጦት አይደለም። ምክንያቱም የክሩዝ የመጨረሻ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከጉዞው ከ60 እስከ 90 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ቪዛው ከዚያ ቀን በኋላ ከተከለከለ ገንዘቡ ይቃጠላል። መጀመሪያ ሲይዙ መያዣው የሚመለስበትን ውል ይምረጡ። የአዋቂ የማመልከቻ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የወጣ መሆን አለበት። መርከቡ የሚቆምባቸውን ወደቦች ከነቀናቸው የሚያሳየውን ማረጋገጫ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ፤ የትኛው አገር ቪዛውን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ባርሴሎና ከመርከቡ መነሻ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ይግቡ። በዕለቱ በአውሮፕላን ደርሶ መሳፈር ይቻላል የሚሉ አሉ፤ በረራው ሦስት ሰዓት ቢዘገይ ግን ጉዞው ሁሉ ያመልጣል።

ሦስት ዓይነት ሰዓት

መርከብ ላይ ሁለት ሰዓት አለ፤ የመርከቡና የአገሩ። የኛ ሰው ሲሳፈር ሦስተኛው ይጨመራል። ካቢንዎ የሚገባው የዕለቱ ፕሮግራም «የመሳፈሪያ ማብቂያ 18:30» ይላል። እናት ይህንን «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብለው ያስቡታል፣ ውጭ ያደገው ልጅ «ስድስት ተኩል» ይለዋል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አደጋው ሲለያዩ ነው። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያው በር ላይ እንገናኝ» ቢባል ልጁ ጠዋት ይሁን ማታ ግራ ይገባዋል። «ሰባት ላይ» ከተባለማ አንዱ ከቀኑ 13:00፣ ሌላው ከምሽቱ 19:00 ብሎ ይሄዳል፤ በ19:00 መርከቡ ገመዱን ፈቷል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቤተሰቡ በሙሉ የወረቀቱን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጠቀም፤ በሀገርኛ ለሚቆጥሩት ደግሞ ከወረቀቱ ቁጥር ላይ 6 ቀንሰው በትንሽ ካርድ ላይ ሁለቱንም ይጻፉላቸው፦ 17:00፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። ካርዱ በመርከቡ ካርድ መያዣ ውስጥ አንገታቸው ላይ ይንጠልጠል። የእጅ ሰዓት ያለው አንድ ሰው ሰዓቱን ከመርከቡ ጋር ያስተካክል። በዚህ መስመር ላይ ስፔን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን አንድ ሰዓት ስለሚጋሩ ልዩነት አይኖርም፤ ወደ ግሪክ ወይም ቱርክ በሚሄድ መርከብ ላይ ግን ስልክ ራሱን ይቀይራል፣ የመርከቡ ሰዓት ደግሞ ላይቀየር ይችላል። የሚገዛው የመርከቡ ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። መሳፈሪያው የሚዘጋው መርከቡ ከሚነሳበት ሰዓት ብዙ ጊዜ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። «07:00 ይደርሳል» ማለትም 07:00 ላይ ይወርዳሉ ማለት አይደለም፤ መርከቡ ታስሮ፣ ወደቡ ፈቅዶ፣ ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይሄዳል። እንደ ካን፣ ቪልፍራንሽና ሳንቶሪኒ ባሉ ወደቦች ደግሞ መርከቡ ባሕር ላይ ቆሞ ሰው በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል፤ እዚያ የሚቆጠረው የመጨረሻዋ ጀልባ የምትነሳበት ሰዓት ነው።

ከመርከቡ ይግዙ ወይስ በራስዎ?

መርከቡ ራሱ የሚሸጠው ጉብኝት ይወደዳል። ገንዘቡ የሚከፈለው ግን ለአስጎብኚው ብቻ አይደለም። የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ካልቻለም ኩባንያው በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርስዎታል። በራስዎ ከወጡ ይህ ዋስትና የለም። ስለዚህ ጥያቄው በዚህ ወደብ ላይ ዋስትናው ዋጋ አለው ወይ የሚለው ነው። ከተማው ከመርከቡ በእግር ወይም በአጭር አውቶቡስ የሚደረስ ከሆነ፣ ባርሴሎናም ኔፕልስም እንዲሁ ናቸው፣ ዋስትና መግዛት ብክነት ነው። ሮምና ከሊቮርኖ የሚሄዱባት ፍሎረንስ ከመርከቡ ከአንድ ሰዓት በላይ ይርቃሉ፤ አዛውንት ወይም ትንንሽ ልጆች ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ለእነዚህ ለሁለቱ የመርከቡን ቢወስድ ጥሩ ነው። ባቡር መሳፈር የለመደ ጎልማሳ ግን ሮምን በራሱ በደንብ ይወጣዋል።

የጉብኝቱን መግለጫ በጥንቃቄ ያንብቡት። «ሮም በራስዎ» የሚባለው አውቶቡስ ብቻ ነው፤ አድርሶ ይመልስዎታል፣ ትኬትም አስጎብኚም የለውም። «ፎቶ ማንሻ ማቆሚያ» ከተባለ ኮሎሲየምን ከውጭ ያዩታል እንጂ አይገቡም። «አሥር ሰዓት የሚፈጅ» ጉብኝት ውስጥ ሦስቱ ሰዓት አውቶቡስ ላይ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ስድስት ሰባት ሆነው ስምንት ሰው የሚጭን ቫን ከነሾፌሩ መከራየት ነው። ለቤተሰብ ወይም ለማኅበር ጉዞ ከሁሉም የሚሻለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል ከመርከቡ ይረክሳል፣ ደክሞት መቀመጥ የሚፈልግም መኪናው ውስጥ ያርፋል። በጽሑፍ ሁለት ነገር ያስገቡ፦ ወደቡ በር ላይ የሚመልስዎት በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መርከቡ በነፋስ ምክንያት ወደቡን ዘልሎ ቢያልፍ ገንዘብዎ እንደሚመለስ። መርከብ ወደብ መዝለሉ ብርቅ አይደለም፤ ይህ ሐረግ የሌለበት ውል አይፈርሙ።

ሮም፣ ወደኋላ ስትቆጠር

ቺቪታቬኪያ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መርከቡ 07:00 ደርሶ 19:00 የሚነሳ፣ መሳፈሪያው 18:30 የሚዘጋ ነው እንበል። ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል።

መርከቡ በር ላይ መድረስ ያለብዎት 17:00 ነው፤ የአንድ ሰዓት ተኩል መጠባበቂያ ይኖርዎታል። ከባቡር ጣቢያው እስከ መርከቡ አውቶቡስ መጠበቁን፣ የወደቡን አመላላሽና ፍተሻውን ጨምሮ 45 ደቂቃ ይያዙ፤ ቺቪታቬኪያ ጣቢያ 16:15 መድረስ አለብዎት ማለት ነው። ባቡሩ ከሮማ ሳን ፒዬትሮ ጣቢያ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ 15:10 አካባቢ ከሚነሳው መሳፈር አለብዎት። ያ ባቡር ቢሰረዝ እንኳ መጠባበቂያው ተከታዩን ለመያዝ ይበቃል። ጠዋት ደግሞ 07:45 ከወረዱ፣ 08:45 አካባቢ ባቡር ከያዙ፣ 09:40 ሮም ነዎት። በእጅዎ የቀረው አምስት ሰዓት ተኩል ነው።

በአምስት ሰዓት የቫቲካንን ሙዚየምና ኮሎሲየምን ሁለቱንም ማየት አይቻልም። ሁለቱንም ለማድረስ የሚሮጥ ሰው ሰልፍ አይቶ ነው የሚመለሰው። አንዱን ይምረጡ።

መንገዱ ይህ ነው። ከመርከቡ ሥር ነፃው የወደብ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ የሚባለው አደባባይ ያደርሳል፤ በወደቡ ግቢ ውስጥ በእግር መሄድ አይፈቀድም። ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ወይም ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ጣቢያው ይደረሳል። መደበኛው ክልላዊ ባቡር ለአንድ ጉዞ አምስት ዩሮ አካባቢ ነው። የወረቀት ትኬት ከገዙ ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ግድግዳ ላይ ባለው ማሽን ያስመቱት፤ ቀንና ሰዓት ያልታተመበት ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል፣ ተቆጣጣሪው ይቀጣል። በስልክ የገዙትም ከመሳፈርዎ በፊት በመተግበሪያው ላይ ማግበር አለብዎት። በዚህ የሚቀጡት ትኬታቸውን በሐቅ የገዙ እንግዶች ናቸው።

ቫቲካንን ከመረጡ ሳን ፒዬትሮ ላይ ይውረዱ፤ አደባባዩ ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው፣ የፍተሻው ሰልፍ ግን ረፋድ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚያገኙበት ስለሆነ አካባቢው ይጨናነቃል፣ ባዚሊካውም ይዘጋል። ሙዚየሙ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው። ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ ባዚሊካው አያስገባውም፤ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ከያዙ የበጋው ሙቀት ላይ ረጅም እጅጌ መልበስ አይጠበቅብዎትም። ከባዚሊካው ጀርባ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለሐበሻ መነኮሳት የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንዲሁ ሄዶ መግባት አይቻልም፣ ግን መኖሩን አውቆ እዚያ መቆም ለኛ የተለየ ነገር ነው።

ኮሎሲየምን ከመረጡ እስከ ኦስቲየንሴ ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያ ጋር የተያያዘው የፒራሚዴ ሜትሮ ጣቢያ ነው፤ በቢ መስመር ሁለተኛው ማቆሚያ ኮሎሲየም ነው። የመጀመሪያው ማቆሚያ ቺርኮ ማሲሞ ይባላል። እዚያ ወርደው ሲወጡ የሚያዩት ትልቅ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ ተነቀለበት 2003 ድረስ የቆመው ከፊቱ ባለው አደባባይ ነበር። አሥር ደቂቃ ይስጡት። የኮሎሲየም ትኬት በስምና በሰዓት የተቆረጠ ነው፤ በዋናው ድረ ገጽ ላይ ከ30 ቀን በፊት ይለቀቃል፣ በበጋ ቶሎ ያልቃል፣ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። የመግቢያ ሰዓቱን 11:00 ቢያደርጉት ባቡር ቢዘገይም ይደርሳሉ።

በሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ በቴርሚኒ በኩል የሚያልፍ ሰው ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» መባሉን ልብ ይበል፤ «አምስት መቶዎቹ» እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለልጆች ይህን ሲነግሯቸው ቦርሳዎን ከፊት ይያዙት፤ አካባቢው የኪስ አውላቂዎች መዋያ ነው።

አንድ ቃል ይያዙ፦ «ሾፔሮ»፣ አድማ ማለት ነው። የጣሊያን የባቡር ሠራተኞች አድማ አስቀድሞ ይነገራል። በሥራ ቀን ከ06:00 እስከ 09:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የተወሰኑ ባቡሮች እንዲሄዱ ሕጉ ያስገድዳል፤ ማታው ለመርከብ ተሳፋሪ አይጠቅምም። ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ይህን ያጣሩ፤ አድማ ካለ በባቡር ሮም አይሂዱ።

ሌሎቹ ወደቦች

ኔፕልስ ላይ መርከቡ የሚቆመው ከተማው መሐል ነው። ፖምፔይን ለማየት ከወደቡ ፊት ካለው ሙኒቺፒዮ ጣቢያ በሜትሮ 1 እስከ ጋሪባልዲ ይሂዱ፤ ከዚያ ቺርኩምቬሱቪያና በሚባለው ባቡር ሶሬንቶ የሚለውን ይሳፈሩ። የሚወርዱበት «ፖምፔይ ስካቪ፣ ቪላ ዴይ ሚስቴሪ» ነው፤ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስሙን በሙሉ ያስታውሱ፣ በሌላ መስመር ላይ ፖምፔይ የሚል ሌላ ጣቢያ አለ፣ እዚያ የወረደ ሰው ፍርስራሹን ፍለጋ ይንከራተታል። ባቡሩ ሞቃትና የተጨናነቀ ነው፤ ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ፖምፔይ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አታስገባም፤ ትኬቱም በስም ስለሆነ አስቀድመው ይግዙ። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. የተቀበረችው ከተማ መንገዷ ሁሉ ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፣ ጥላም የላትም። ሰንደል ጫማ እግር ያጣምማል፤ በሐምሌና ነሐሴ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ያስፈልጋል። ጉልበታቸው ለደከመ ሰዎች ፖምፔይ አይመከርም፤ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ መዋል ይሻላቸዋል።

ሊቮርኖ የጭነት ወደብ ነች፤ በእግር መውጣት አይቻልም፣ አመላላሽ አውቶቡስ ከተማ መሐል ያወጣዎታል፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወደ ባቡር ጣቢያው ነው። ፍሎረንስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰኞ ከሆነ ኡፊዚና አካዴሚያ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው፤ ያን ቀን ለሥዕል ብሎ ፍሎረንስ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ከልጆች ጋር ከሆኑ የፒዛንና የሉካን ከተሞች እንመርጣለን፤ ፒዛ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፣ ከዚያ ሉካ ግማሽ ሰዓት ነው። የፒዛው ዘንባላ ግንብ ላይ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይወጣም፤ ልጁ ተስፋ አድርጎ እንዳያለቅስ አስቀድመው ይንገሩት።

ማርሴይ ላይ የመርከብ ማቆሚያው ከአሮጌው ወደብ ሩቅ ስለሆነ አመላላሹን ይያዙ፤ ከአሮጌው ወደብ 60 ቁጥር አውቶቡስ ተራራው ላይ ወዳለው ኖትር ዳም ደ ላ ጋርድ ቤተ ክርስቲያን ያወጣል። ባርሴሎና ላይ የሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያንን አስቀድመው በሰዓት ካልያዙ በር ላይ ትኬት አገኛለሁ ብለው አይሂዱ።

ነሐሴ 15 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሦስቱም አገሮች የማርያም ዕርገት በዓል ነው፤ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ አውቶቡስም ይቀንሳል።

ጾም፣ ምግብ፣ ጀበና

የክሩዝ ወቅት ጫፉ ላይ የሚደርሰው በፍልሰታ ጾም ነው፤ ነሐሴ 1 በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ላይ ይውላል። ሲይዙ «ቬጂቴሪያን» ብለው ካስመዘገቡ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያለበት ይመጣል። የጾም ምግብ ማለት «ቪጋን» ነው፤ ይህን ከወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ ደግሞ ለአስተናጋጆቹ አለቃ በቃል ይድገሙት። የነገውን ምናሌ ዛሬ ማታ ያሳይዎታል፣ ከዚያ ላይ ይመርጣሉ። ሾርባ በሥጋ መረቅ፣ ፓስታ በቅቤ መሠራቱን ይጠይቁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ጣሊያን ውስጥ የምግብ ቤት ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ 14:30 ወይም 15:00 ላይ ተዘግቶ 19:00 አካባቢ ይከፈታል። ዘጠኝ ሰዓት ማለት 15:00 ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ሁሉም ሲዘጋ ነው፣ በዚያ ላይ ባቡር መያዣ ሰዓት ነው። ቆሎ፣ ዳቦና ከገበያ የተገዛ ፍራፍሬ ይዘው ባቡሩ ላይ ይብሉ። ሐላል ለሚፈልጉ ደግሞ ሁሉም መርከብ አያቀርብም፤ ከመክፈልዎ በፊት ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ካልሆነ ዓሣና አትክልት ላይ ይቆዩ።

በርበሬና ሽሮ ማስገባት ይቻላል። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ ጉምሩክ ይወስደዋል። ወደ መርከቡ ደግሞ ምድጃ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማና ጧፍ አይገባም፤ በራጅ ፍተሻ ላይ ይያዛል፣ ጉዞው ሲያልቅ ነው የሚመለሰው። በባሕር ላይ እሳት ከሁሉ የከፋ አደጋ ስለሆነ በዚህ ነገር ለምኖ ማሳለፍ አይቻልም። የልብስ መተኮሻና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድም እንዲሁ ይያዛሉ። የቡና ሥርዓቱን ለቤት ያቆዩት።

ገንዘብና ስልክ

የከፈሉት ዋጋ ሁሉን አይሸፍንም። አብዛኛው መርከብ ለሠራተኞች በሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ዩሮ ገደማ የአገልግሎት ክፍያ ሒሳብዎ ላይ ይጨምራል። 14 ዩሮ ቢሆን ለአራት ሰው ቤተሰብ በሰባት ሌሊት 392 ዩሮ ነው፤ በጀት ውስጥ አስቀድመው ይያዙት። ለስላሳ መጠጥ፣ ኢንተርኔትና ልዩ ምግብ ቤቶች ለብቻ ይከፈላሉ። መርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ ሁሉም በመርከቡ ካርድ ይመዘገባል። ለዚያ ሒሳብ ዴቢት ካርድ አይስጡ። መርከቡ በየቀኑ መያዣ ስለሚያግድ ያልወጣ ገንዘብዎ ለቀናት ይታሰራል፣ የብስ ላይ ባንክ ማሽን ፊት ቆመው ባዶ ይሆናሉ። ክሬዲት ካርድ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በዩሮ» ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ዩሮ ይበሉ፤ ሌላው በመጥፎ ምንዛሪ ያስከፍላል።

መርከቡ ከወደብ ሲወጣ ስልክዎን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት። ባሕር ላይ ስልኩ የመርከቡን የሳተላይት መረብ ይይዛል፤ የአውሮፓ የሮሚንግ ደንብም ሆነ የገዙት የኢንተርኔት ጥቅል ያንን አይሸፍንም፣ ቪዲዮ ሳያዩ እንኳ ከባድ ሒሳብ ሊመጣ ይችላል።

ባሕር ለሚያስቸግረው ሰው ዝቅ ባለው ወለል መሐል ላይ ያለው ካቢን ከሁሉ ያነሰ ይወዛወዛል። መድኃኒቱ የሚወሰደው ሳያቅለሸልሽ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አይረዳም።

መርከቡ ቢያመልጥ

በዕለቱ ፕሮግራም ላይ የወደቡ ወኪል ስምና ስልክ ታትሟል። ሁልጊዜ ጠዋት ከመውረድዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። የፓስፖርትና የቪዛ ገጽ ቅጂ፣ የመርከቡን ካርድና የባንክ ካርድ ይዘው ይውረዱ። እንደሚያመልጥዎት ካወቁበት ደቂቃ ጀምሮ ለወኪሉ ይደውሉ፤ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ከሆነ መልእክቱን ያደርሳል፣ ፓስፖርትዎ ካቢኑ ውስጥ ካለም ተወስዶ ለእሱ እንዲተውልዎት ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሚመለከቱት የነገውን ወደብ ነው። ሮም ላይ ቀርተው መርከቡ ነገ ጠዋት ኔፕልስ የሚደርስ ከሆነ ብዙም አይጨነቁ፤ ከቴርሚኒ ኔፕልስ በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ፓስፖርትዎ ወኪሉ ጋ ቺቪታቬኪያ ካልቀረ ወደዚያ አይመለሱ፣ ሮም አድረው ጠዋት ወደብ ላይ ይጠብቁት። ከባዱ ከኔፕልስ ቀርቶ መርከቡ ቀኑን ባሕር ላይ ውሎ ስፔን ሲደርስ ነው፤ ያኔ በአውሮፕላን ነው፣ ወጪውም የራስዎ ነው። በዚህ ምክንያት ከባሕር ቀን በፊት ባለው ወደብ ላይ መጠባበቂያውን ሁለት ሰዓት ያድርጉት።

በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣዎን ቁጥሩን አስረው በር ላይ ያወጣሉ፣ ጠዋት ተርሚናሉ ውስጥ ያገኙታል። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና የነገ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይቅር፤ ሁሉንም አስወጥተው በፒጃማ የሚወርዱ ሰዎች በየጉዞው አሉ። መርከቡ 07:00 ቢደርስም የመመለሻ በረራዎን ከቀትር በፊት አይያዙ።